ከእማማ ወርቄ ደጃፍ እስከ አጥሩ በር

ግንበኛው አባ ዱራ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ባልዲ ይዘው ቆመዋል። አባቴ ከእሳቸው በስተቀኝ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እናቴ ከትልቁ ቤት ደረጃ ላይ ነች፤ ልትወርድም ልትመለስም እንዳልወሰነች አንድ እግሯን ዝቅ አድርጋለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከአጥሩ በር ገባ ብላ፣ ዝናቡ ቢያባራም ጃንጥላዋን አልዘጋችም። እማማ ወርቄ ከክፍላቸው ደጃፍ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እግራቸውን ዘርግተዋል። እኔ ከእሳቸው ጎን በሩን ተደግፌያለሁ። በመካከላችን መሬት ላይ ሦስት የሲሚንቶ ሰሌዳዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ቢቆምባቸው ይበቃሉ። ሁላችንም የምናየው እነሱን ነበር።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ፣ ካረፍኩበት ቤት አጠገብ ፎቅ ይሠራ ነበር። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ገባ። ትንሽ አመድ፣ ትንሽ ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል። ያኔ ነው ያ ክረምት ትዝ ያለኝ። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ስኳርም ሳሙናም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምንወስድበት ጊዜ ነው።

እማማ ወርቄ የእናቴ አክስት ናቸው። እናቴ እናቷን በልጅነቷ አጥታ በእሳቸው እጅ አደገች፤ ስለዚህ ለእኔ አያት ማለት እሳቸው ነበሩ። ከካፋ በኩል መጥተው ሚዛን የቀሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አማርኛ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። ሥራቸው ማዋለድ ነው። ከእኔ በታች ያለው የሰፈራችን ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ያየው የእሳቸውን ፊት ነው። እኔ ልጆቹን የሚያመጡት ሁልጊዜ በሚይዙት የጨርቅ ቦርሳ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ተደብቄ ከፈትኩት። ሳሙና፣ ምላጭና ነጭ ክር ብቻ አገኘሁ። ልጆቹ አልቀውባቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ውስጥ ወደቁ። ከጫካው ማዶ አንዲት ሴት ሊያዋልዱ ሄደው፣ ሁለት ቀን ቆይተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው በሰላም ተመለሱ። ከገዛ ደጃፋቸው ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ጭቃው አንሸራተታቸው። የሚዛን ጭቃ ቀይ ነው። አንዱ ጋ ጫማ ነክሶ ያስቀራል፤ አንዱ ጋ ደግሞ ሳያስቡት እንደ ቅቤ ይሆናል። የእማማ ቁርጭምጭሚት ተሰበረ። እናቴ በመስኮት ሲወድቁ አይታለች። ከዚያ ወዲያ ያንን መስኮት መጋረጃ አደረገችበት።

ወጌሻው በቀርከሃ አሰራቸው፤ ሐምሌ ሲገባ ፈታቸው። ሲፈታቸው እንዲህ አለ፦ «አጥንቱ ገጥሟል፤ መሄድ ይችላሉ። ደግመው ከወደቁ ግን እኔን አትጥሩኝ።» እማማ የሰሙት የመጀመሪያውን ነበር። እናቴ የሰማችው የመጨረሻውን።

ከግንቦት ጀምሮ ማንም ሰው ሚስቴን ምጥ ያዛት ብሎ ሲመጣ፣ አጥሩ በር ላይ የምትቀበለው እናቴ ነች። «እግራቸው ተሰብሯል፤ አይችሉም» ብላ ትመልሳለች። እማማ ከክፍላቸው ሆነው ይሰማሉ። አንድም ቀን ማን መጣ ብለው አልጠየቁም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን የቀረበላቸውን ምግብ አይጨርሱም ነበር። ሳህኑን የማነሣው እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ከበሽታው ነው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በመንግሥት ቡና እርሻ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። ሲሚንቶ በፈቃድ በሚገኝበት በዚያ ጊዜ ማመልከቻ ካስገባ ዓመት አልፎት ነበር። ፈቃዱ የመጣው በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰማዩ ተቀዶ ሳለ ነው። ሰባት ከረጢት በእርሻው መኪና ከጅማ መጣ። በጋ ይምጣ ብሎ ማቆየት አይቻልም፤ በእኛ አገር እርጥበት ሲሚንቶ ሁለት ወር ከተቀመጠ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል። አንዱ ከረጢት እንዲያውም መንገድ ላይ ዝናብ ነክቶት ግማሹ ደርቆ ደረሰ። የተረፉትን ስድስቱን በጣውላ ላይ ደርድረን በላስቲክ ጠቀለልናቸው። ሌላ ቦታ ስላልነበረ አልጋዬን በላያቸው አደረጉት። ሁለት ሳምንት ሲሚንቶ ላይ ተኛሁ። ስገላበጥ ከሥር ትንሽ አቧራ ቡን ይላል፤ ጠዋት አፌ ውስጥ ጣዕሙ ይቀራል። ደስ ይለኝ ነበር።

አባ ዱራ ከጅማ በኩል የመጡ፣ ጢማቸው በሲሚንቶ ይሁን በዕድሜ ይንጣ የማይታወቅ ግንበኛ ናቸው። መጥተው ከእማማ ደጃፍ እስከ አጥሩ በር ሲባጎ ወጠሩ። አባቴ «ለእሳቸው ብለን ነውና በእሳቸው ልክ ይሁን» ሲላቸው ሰማሁ። እማማን አስነሥተው እርምጃቸውን ለኩ። ከዚያ ቀዩን አፈር ከደጃፋቸው ጀምረው መቆፈር ያዙ።

እኔ እስከዚያ ቀን ሲሚንቶ ያየሁት ሁለት ቦታ ነበር፦ የትምህርት ቤታችን ባንዲራ የሚቆምበት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ የትልልቅ ሰዎች መቃብር ላይ። የእትዬ አስካለ በረንዳም ሲሚንቶ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እሱ ቀይ ነው። እንግዲህ በሰው ልክ ተለክቶ፣ ደጃፍ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ሲሚንቶ ተዘጋጅቶ ሳይ የመሰለኝ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት የሻይ ስኳሬን በወረቀት ጠቅልዬ ለእማማ መስጠት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን ያዙኝ።

«ሙሉ፣ ስኳርሽን ለምን ትሰጪኛለሽ?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል የለም። ንገሪኝ።»

ወደ ጉድጓዱ አሳየኋቸው። «እዚያ የሚያስገቡዎ መቼ ነው?»

ጉድጓዱን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ እግራቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይኼማ ይረዝምብኛል» አሉ። «እዚህ ውስጥ አባትሽንም አስካለንም ጨምሮ እንገባለን።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጭቃው እንዳይጥለኝ ነው። ከዚህ ልወጣ ነው፤ ሥራዬ ልሄድ ነው።»

ስኳሩን ግን አልመለሱልኝም።

ክርክሩ የመጣው በላዩ አሠራር ነው። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ፊቱ ምን ይሁን? እናቴ ሊሾ ትፈልጋለች። ሊሾ ማለት እንደ እትዬ አስካለ በረንዳ ልሙጥ፣ የሚያበራ፣ በጨርቅ የሚወለወል ማለት ነው።

«ወይዘሮ ፀሐይ፣» አሏት አባ ዱራ፣ «በረንዳ ጣራ አለው። ይኼ ደጅ ነው።»

«ዝናብ ሲያርፍበት እወለውለዋለሁ።»

«ሰማዩንስ ማን ይወለውለዋል?»

እናቴ አልሳቀችም። አባ ዱራም ሊሾ መሥራት የማይችሉ እንዳይመስልባቸው፣ ከዚያ ግማሹ ከደረቀው ከረጢት የተረፈውን ዱቄት ነፍተው ሦስት መሞከሪያ ሠሩ። አንደኛው ሊሾ ነው፤ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሰው በጠፍጣፋ ብረት እያሹ አበሩት። ሁለተኛውን ገና ሳይደርቅ በዘንባባ መጥረጊያ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት፤ ቀጫጭን መስመር ቀረበት። በሦስተኛው ላይ ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ጠጠር በትነው፣ ተጭነው፣ ላዩን በውሃ አጠቡት፤ ጠጠሩ ብቅ ብቅ አለ። ለአራት ቀን ተዉት። በአምስተኛው ቀን ነው እንግዲህ ሁላችን ግቢው ውስጥ የቆምነው።

አባ ዱራ ባልዲውን በሦስቱም ላይ ደፉት። «ዝናብ መጥቷል እንበል። በሉ ሂዱበት።»

እትዬ አስካለ ማንንም ሳትጠብቅ ሊሾው ላይ ወጣች። «ይኸው! እንደ መስታወት ነው! ፀሐይ፣ ፊቴን እኮ ያሳየኛል!» ብላ ወደ እናቴ ዘወር ስትል ሁለቱም እግሮቿ ወደ አንድ ወገን ሄዱ። ጃንጥላው ወደ ማድ ቤቱ በረረ። አባ ዱራ ባልዲውን ጥለው በክንዷ ያዟት።

«ጫማዬ ነው!» አለች ከመቆሟ በፊት። «ይኼን ኮንጎ ጫማ ድሮም አላምነውም!»

«ጫማውስ እዚያው ቆሟል፤» አሉ አባ ዱራ፣ «የሄዱት እርስዎ ነዎት።»

አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ጫማውን አወለቀና ጠጠሩ ላይ ወጣ። ረመጥ እንደረገጠ ሰው አንዱን እግር ሲያነሣ ሌላውን ሲያሳርፍ ቆይቶ ወረደ። «አይንሸራተትም» አለ። «ግን ሰው አይቆምበትም።»

እናቴ ከደረጃው ወርዳ መጥረጊያ የተሳበበትን በጫማዋ ጫፍ ነካችው። «ይኼ ምኑ ተሠራ? ሳያልቅ የተተወ ነው የሚመስለው። ጭቃው በየመስመሩ ሲገባ ማን ሊፍቀው ነው?»

ንግግሯ ውሸት አልነበረም፤ ግቢውን የምትጠርገው እሷ ነች። አባ ዱራም አክብረው መለሱላት። መስመሩን በመንገዱ ርዝመት ቢስቡት ውሃው ጭቃውን ይዞ ይወርዳል፤ እግር ግን አይይዝም። በስፋቱ ቢስቡት እግር ይይዛል፤ ውሃ ግን ይቋጥራል። «ስለዚህ በሰያፍ አጋድሜ እስበዋለሁ፤» አሉ በእጃቸው አየሩን እያሰመሩ፣ «ከዚህ ወደዚያ። እግሩንም ይይዛል፤ ጭቃውም ወደ ቦዩ ይሄዳል።»

«እኔ ሊሾ ነው የምፈልገው» አለች እናቴ።

በዚህ ጊዜ እማማ ወርቄ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«እማማ! አይነሡ!»

እማማ ትከሻዬን ይዘው ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ከዚያ ትከሻዬን ለቀቁት። በባዶ እግራቸው መጥረጊያ የተሳበበት ላይ ወጡ። ውሃው ገና አልደረቀም። በትራቸውን ለእኔ አቀበሉኝ። ክብደታቸውን ወደ ደህናው እግር፣ ከዚያ ወደተሰበረው፣ እንደገና ወደ ደህናው አደረጉ።

«እዚህ ላይ እግሬ ይሰማኛል» አሉ።

«እሺ፣ በቃ ይውረዱ» አለች እናቴ።

«ይኼ ነው በሉኝና እወርዳለሁ።»

«እማማ፣ እንነጋገርበታለን...»

«እሺ ተነጋገሩ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ዝናቡ ጀመረ። እትዬ አስካለ ጃንጥላዋን ከጭቃ አንሥታ መጣችና በእማማ ራስ ላይ ያዘች፤ እሷ ራሷ ግን ረጠበች። አባ ዱራ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እናቴ እማማን አየች፤ እማማም እሷን አዩ። ሁለቱም የካፋ ሰዎች ናቸውና በራሳቸው ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል ተባባሉ። የተባባሉት ምን እንደሆነ አልገባኝም።

«መጥረጊያው ይሁን» አለ አባቴ በመጨረሻ።

እማማ በትራቸውን ከእኔ ተቀብለው ወረዱ።

በዚያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት በር ላይ ጎመን ስቀነጥስ፣ እናቴ ለአባቴ የነገረችውን ሰማሁ። «ሊሾ ቢሆን አይወጡም ነበር» አለችው።

«ታዲያ ሲሚንቶው ለምን አስፈለገን?» አላት አባቴ።

«ደጃፋቸው ተቀምጠው የሚያዩት ነገር እንዲያምርላቸው።»

ያን ጊዜ እናቴ ስለ ውበት የምታወራ መሰለኝ።

ሲሚንቶው የፈሰሰው በነሐሴ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ በወጣበት ጊዜ ነው። የሰፈሩ ወንዶች ሊያግዙ መጡ። አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ውሃ ያቀብላል፤ አባ ዱራ በጉልበታቸው ተንበርክከው ወደ ኋላ እየሄዱ ያስተካክላሉ። እሳቸው ካለፉ በኋላ መጥረጊያውን በረጅም ቀርከሃ አስረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አጋድመው ይስባሉ። አንዴ የተሳበ አይደገምም፤ ስለዚህ ሲስቡ ሁሉም ዝም ይላል። መጥረጊያው እርጥቡን ሲያልፍበት የሚያሰማውን ድምፅ አሁንም አውቀዋለሁ። ሰው ብርድ ልብሱን ቀስ አድርጎ ሲስብ እንደሚሰማው ያለ ነው።

አጥሩ በር ጋ ሊደርሱ ሲሉ ሰማዩ ከማጂ በኩል ጠቆረ። «ቅጠል! ቅጠል አምጡ!» ብለው ጮኹ። እናቴ ቢላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ የእንሰቱን ቅጠል እየቆረጠች መወርወር ጀመረች። እኛ ተቀብለን አለበስነው። ነጠብጣቡ ሲጀምር ሲሚንቶው በሙሉ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ሁላችንም ጣራ ሥር ገባን። እናቴ ግን አልገባችም። በበሩ በኩል ያለውን ቅጠል በእግሯ እየረገጠች ታስተኛለች፤ ጠርዙን ታጥፋለች፤ ከዚያ ከባድ ከባድ ድንጋይ እያመጣች በላዩ ትጭናለች። በጣም ተጠንቅቃ፣ በደንብ ነበር የምትሠራው።

አባ ዱራ አዩዋት። «ወይዘሮ ፀሐይ!» አሉ። «ምን እያደረጉ ነው? ቆጮ መሰለዎት እንዴ?»

እናቴ ድንጋይ እንዳቀፈች ቆመች። እጆቿን አየች፤ ቅጠሉን አየች። በሕይወቷ ሙሉ የእንሰት ቅጠል አንጥፋ የምትጭነው ቆጮ ጉድጓድ ላይ ነው፤ እጇ የሚያውቀው ያንን ነበር።

«አየር እንዳይገባው ብዬ...» አለች።

እማማ ወርቄ ከደጃፋቸው፣ «ይተዋት አባ ዱራ» አሉ። «በሦስት ወሩ አውጥተን እንበላዋለን።»

ያን ጊዜ እናቴ ሳቀች። ዝናቡ እየመታት፣ ድንጋዩን እንዳቀፈች፣ ከግንቦት ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ አስካለም፣ ወንዶቹም፣ አባ ዱራም ሳቁ። አባ ዱራ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ሄደው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ አነሡ። ቅጠሉ ሲገለጥ በሩ ጋ ያለው ክንድ ተኩል የሚያህል ቦታ ተጨፍልቆ ነበር። ከመድረቁ በፊት በራሳቸው ጋቢ ጋርደው፣ ጨለምለም እስኪል መልሰው አስተካከሉት። ጋቢው ከዚያ ወዲያ ጋቢ አልሆነም።

ለሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ዝናብ በማያባራበት አገር ባልዲ ይዤ ሲሚንቶ ሳጠጣ መንገደኛው በአጥሩ ሽንቁር እያየ ይስቃል። «አንቺ ልጅ፣ ይበቅላል?» ይለኛል። አባ ዱራ ግን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል ብለውኛል፤ እኔም ፀሐይን እንደ ጠላት እጠብቃት ነበር። ቅጠሉን አንሥቼ አጠጣለሁ፤ መልሼ አለብሳለሁ። ሥሩ ሞቅ ያለ ነው፤ ትኩሳት እንዳለው ሕፃን። እጄን አሳርፌበት እቆይ ነበር። እማማ ከበርጩማቸው ሆነው «ስንተኛው ነው?» ይሉኛል፤ «አራተኛ» እላለሁ፤ «አምስተኛ» እላለሁ። ሳህናቸው በዚያ ሳምንት ባዶውን ይመለስ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ቅጠሉን አነሣነው። ግራጫ፣ ደረቅ፣ ከዳር እስከ ዳር አጋድሞ የተሰመረ። እናቴ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዳሰሰችው። መጥረጊያ አምጥታ የወደቀውን ቅጠል ጠረገች፤ በውሃ አጠበችው፤ ውሃው ወደ ቦዩ ሲወርድ ቆማ አየች።

ከዚያ ጥቂት ቀናት አለፉ። እማማ ጠዋትና ማታ በእናቴ ክንድ እስከ መሐሉ ሄደው ይመለሳሉ። ከመሐሉ አልፈው አያውቁም፤ እናቴ እዚያ ስትደርስ ታዞራቸዋለች።

አዲስ ዓመት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናብ እየወረደ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ልብስ ታጥብ ነበር። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሄዳ ከፈተች። የማናውቀው ወጣት ገበሬ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«የእማማ ወርቄ ቤት ነው? ሚስቴን ምጥ ይዟታል።»

«አዎ፤ ግን እግራቸው...» አለች እናቴ።

«ስንተኛ ልጇ ነው?»

ድምፁ የመጣው ከኋላዋ ነው። እማማ ወርቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የጨርቅ ቦርሳቸውን ይዘው፣ በባዶ እግራቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል።

«የመጀመሪያዋ ነው፣ እማማ።»

«መቼ ያዛት?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ።»

እማማ በትራቸውን አስቀደሙና ሲሚንቶው ላይ ወረዱ። እናቴ በሩ መሐል እንደቆመች ዘወር አለች። ወጣቱ ከውጭ፣ እሷ በመሐል፣ እማማ ከውስጥ እየመጡ። ዝናቡ ሲሚንቶውን እየመታ ይነጥራል። እናቴ የእማማን ፊት አላየችም፤ እግራቸውን ነበር የምታየው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እርምጃውን እየቆጠረች ይመስለኛል። እኔም ቆጠርኩ። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ሁላችንም ቆም የሚሉ መስሎን ነበር። አልቆሙም።

ከእናቴ ፊት ደርሰው ቆሙ።

«ዘወር በይልኝ፣ ልጄ።»

እናቴ ጀርባዋን ለበሩ መቃን ሰጥታ ጥግ ያዘች። ወጣቱን አየችው።

«ቁልቁለቱ ላይ እጃቸውን ያዝ» አለችው።

እማማ ወርቄ ወጡ።